ቀለህ የሚይዘው ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃዬ እንዴት ተስተካከለ

ለዒላማ ተኩስ በፈቃድ የያዝኩት ርካሽ ከፊል አውቶማቲክ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ፣ በድሬዳዋ አቧራ ባዶ ቀለህ ሳያወጣ ማነቅ ጀምሮ ነበር። ካዝናውን አውጥቼ፣ ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም አረጋግጬ ስፈታው፣ ቀለህ በሚስበው ትንሽ መንጠቆ ሥር ሰም፣ እርሳስና የባሩድ ጥላሸት ተጋግሮ አገኘሁ። የዚህ ዓይነቱ ጥይት እርሳስ ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል ሰም ይቀባል፤ ጠመንጃውም የሚሠራው በቀለሁ የኋልዮሽ ግፊት ስለሆነ፣ ጥቂት መጣበቅ እንኳ ያስቆመዋል። መንጠቆውን በጥርስ ብሩሽ፣ የጥይቱን መቀመጫ በነሐስ ብሩሽ አጽድቼ ትርፍ ዘይቱን በደንብ ጠረግሁ፤ በእኛ አገር ዘይት ሲበዛ አሸዋ ይይዛልና። አሁን ቀለሁን ጥርት አድርጎ ይወረውራል። ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመልኩ ይልቅ መፍታቱ ቀላል የሆነና የካዝናና የመንጠቆ መለዋወጫ የሚገኝለትን ይምረጥ። መቺው መርፌ የበርሜሉን ጠርዝ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ ምላጩን ደጋግሞ ባይስብ እመርጣለሁ።