ለደጋ ሯጭ፦ ከባድ ልምምድንና የዕረፍት ቀንን እንዴት ማመጣጠን ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሯጭ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው፤ ስለዚህም በቆላ ቀላል የሚመስል ፍጥነት እዚህ ልብን አብዝቶ ያስመታል። እንደ እኔ ከሥራ በፊት ወይም በኋላ ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ልምምድ ስላነሰው ሳይሆን ዕረፍትን እንደ ስንፍና ስለሚቆጥር ነው።

ከባድ ልምምድ በዕለቱ ሰውነትን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። የጡንቻ ክሮች በጥቂቱ ይጎዳሉ፣ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለው የኃይል ስንቅ ይሟጠጣል፤ ጥንካሬው የሚመጣው ሰውነት ይህን ሲጠግንና ሲተካ፣ ይልቁንም በእንቅልፍ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ልብና ሳንባ ቶሎ ሲለምዱ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈጅባቸዋል። ትንፋሽዎ በጎበዘበት ሰሞን ቅልጥምዎ ገና አልደረሰ ይሆናል።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። አንድ ቅዳሜ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሮጥሁ። ቁልቁለት ትንፋሽ ስለማያስጨንቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጡንቻው እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ስለሚይዝ ከሜዳ ሩጫ ይልቅ ይጎዳል፣ ሕመሙም ጎልቶ የሚሰማው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። እሑድ ደህና ስለነበርሁ ሰኞ ጠዋት ዳገት ሠራሁ። ማክሰኞ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ መያዝ ግድ ሆነብኝ፤ እኔ ግን ልምምዱን ቀጠልሁ። በሁለተኛው ሳምንት የቀኝ ቅልጥሜን በአንድ ጣት ስጫነው፣ የሳንቲም ስፋት በምታህል ቦታ ላይ ብቻ ለይቶ ያመኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ሕመም የጡንቻ ድካም ሳይሆን የአጥንት ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሩጫን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። እኔ ስድስት ሳምንት ሳልሮጥ ቆየሁ።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ከባድ ቀን ይበቃል፤ በመካከላቸውም ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር። ማክሰኞ ዳገት ወይም ፍጥነት፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ ቢደረግ፣ ሰኞና ሐሙስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ዱብ ዱብ ይሆናሉ፤ ይህም ከአስፋልት ይልቅ በሣር ሜዳ ወይም በኮረኮንች ቢሆን ይመረጣል። ዱብ ዱብ ማለት ከጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚሮጡት ነው፤ ንግግርዎ ከተቆራረጠ ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀንሱ። ቀላሉን ቀን በመካከለኛ ፍጥነት መሮጥ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያን ያደረገ ሰው ማክሰኞ ሲደርስ በደንብ ለመሥራት አቅም ያጣል። በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ የሩጫውን መጠን በሢሶ መቀነስ ይጠቅማል።

ረቡዕንና ዓርብን ለዕረፍት የተውሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ሁለቱም የጾም ቀናት ስለሆኑ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ዕረፍቱን ከጾሙ ጋር ማስማማት አመቺ ነው። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን የሚዘልቅ በመሆኑ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ በዚያ ወቅት ከባዱን ልምምድ በሳምንት ወደ አንድ ዝቅ አድርጎ ቅዳሜ ላይ ማዋልን እመክራለሁ። ከሩጫ በኋላ በሶ በጥብጦ መጠጣት፣ ቀጥሎም ምስር ወይም ሽሮ በእንጀራ መመገብ ለጡንቻው ጥገና ጥሩ ነው።

የዕረፍት ቀን የሚባለው ሰውነት በእውነት ሲያርፍ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቤተሰቡን ለማገዝ ገብስ ሲያጭድ ወይም ነዶ ሲሸከም የዋለ ሰው ባይሮጥም ከባድ ቀን አሳልፏል፤ በማግሥቱ ዳገት መሥራት የለበትም። ወራቱ ውርጭ የሚወርድበት ስለሆነም በላብ የራሰ ልብስ ወዲያው መቀየር አለበት።

የጫጫዋ ተወላጅ አትሌት ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. በ2007 የበርሊን ማራቶንን አሸንፋ፣ ከ35 ቀን በኋላ በኒውዮርክ ማራቶን ሁለተኛ ወጥታለች። ይህ የሚያኮራን ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ሩጫ ሥራው የሆነ አትሌት ከልምምድ መልስ ቀን መተኛት ሲችል፣ ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ የሚውል ሰው ያንን ለመከተል መሞከር አይገባውም።

ዕረፍት ማነሱን ለማወቅ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትዎን ለአንድ ደቂቃ ቆጥረው በደብተር ይጻፉ። ከተለመደው በ7 ወይም በ10 ምት ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ ወይም ያለ ምክንያት የሚነጫነጩ ከሆነ የዕለቱን ከባድ ልምምድ ይተዉት። የተተወውንም ልምምድ በሚቀጥለው ቀን ላይ አይደርቡት፤ ቀሪውን የሳምንቱን መርሐ ግብር እንዳለ ይቀጥሉ።