ላፕቶፓችሁ ላይ የሰፈረውን ማስታወቂያና ሰላይ ፕሮግራም እንዴት ታስወጣላችሁ?

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ላፕቶፗ በየደቂቃው "ጢን" እያለ ወሬ ከለከለን። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ቀይ ምልክት ያለበት ሳጥን ብቅ ይላል፦ "ኮምፒዩተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል፤ አሁኑኑ ያጽዱ።" አንዱን ስትዘጋው ሌላው ይከተላል። "ኮምፒዩተር ቤት ወስጄው ፎርማት አደረጉልኝ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ" አለችኝ።

ለዚህ ፎርማት! ነገሩ እኮ ቫይረስ አልነበረም። ድራማ የምታይበት አንድ ሳይት "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" ብሏት ተጭናለች። በዚያች ክሊክ ሳይቱ ባሻው ሰዓት መልእክት እንዲልክላት ፈቀደችለት ማለት ነው። ከፎርማቱ በኋላም ያንኑ ሳይት ከፍታ ያንኑ ተጫነች። ስለዚህ እናንተም ላፕቶፑን ተሸክማችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እቤት ቁጭ ብላችሁ ይህን ሞክሩ።

መጀመሪያ ብሮውዘሩን አጽዱ

ክሮም ላይ በላይኛው ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና ሴቲንግስ ግቡ። ከዚያ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸው ሳይቶች ዝርዝር ይመጣል። የማታውቁትን ሁሉ አውጡት። አክስቴ ዝርዝር ውስጥ አሥራ አንድ ነበሩ፤ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው።

እዚያው ሳላችሁ ኤክስቴንሽኖቹንም፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እዩ። "የኩፖን ፈላጊ"፣ "የቪዲዮ ማውረጃ"፣ "የአየር ሁኔታ" ምናምን የሚል መቼ እንደገባ የማታስታውሱት ነገር ካለ ሪሙቭ። ኤክስቴንሽን የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ ባንካችሁንም ጭምር። መፈለጊያ ገጻችሁ በማታውቁት ሌላ ገጽ ተተክቶ ከሆነ ሪሴት ሴቲንግስ የሚለውን ተጠቀሙ። ቡክማርክና የተቀመጠ ፓስወርድ አይጠፋም።

ቀጥሎ የገቡትን ፕሮግራሞች እዩ

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ። ዝርዝሩን በገቡበት ቀን ደርድሩት። ችግሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ከሆነ በዚያው ቀን የገባው ነገር ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሆነው አንድ ቀን ይገባሉ። አንድ ነጻ ፕሮግራም ስንጭን "ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ" እያልን ስለምንሮጥ ነው። ከእንግዲህ ከስተም የሚል ምርጫ ካለ እሱን ንኩና ሳታውቁት የተመረጡትን ሳጥኖች አጥፉ።

አሁን ስካን

ዊንዶውስ የራሱ ጠባቂ አለው፤ ዲፌንደር ይባላል። ለቤት ይበቃል ባይ ነኝ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱና አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል ውስጥ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን የሚለውን አብሩ። አድዌርን፣ ማለትም ማስታወቂያ የሚረጨውን ፕሮግራም፣ የሚከለክለው ይህኛው ነው፤ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ከዚያ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ስካን ኦፕሽንስ ገብታችሁ ኦፍላይን ስካን ምረጡ። ኮምፒዩተሩ ይዘጋና ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈተሻል፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የተከፈተ ሥራ ካለ ሴቭ አድርጉ። አሁንም የቀረ ከመሰላችሁ ማልዌርባይትስ የተባለው ድርጅት የሠራው አድውክሊነር የሚባል ማጽጃ አለ። ነጻ ነው፣ ኢንስቶልም አይፈልግም። ግን ከራሱ ከድርጅቱ ሳይት አውርዱት። ማጽጃ ፍለጋ ወጥቶ ሌላ ቆሻሻ ይዞ የገባ ብዙ ነው።

እንዳይመለስ

የኛ ሰፈር ትልቁ በር ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሰብሮ በነጻ የሚያስከፍተው ማለቴ ነው። ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ ፎቶሾፑም በክራክ። የክራኩ መመሪያ ደግሞ ሁሌ "መጀመሪያ አንቲቫይረስዎን ያጥፉ" ብሎ ይጀምራል። እንግዳም ውሻ እሰሩልኝ ይላል፤ ሌባም ይላል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብረኦፊስ በነጻ አለ፤ ለአብዛኛው የቤት ሥራ ይበቃል።

ሁለተኛው ፍላሽ ዲስክ ነው። ሲቪ ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥታችሁት ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው አንዱንም አትክፈቱ። ፍላሹ ላይ በቀኝ ክሊክ ዲፌንደር እንዲፈትሸው እዘዙ።

ሦስተኛው "ይህን ካላዘመኑ ቪዲዮው አይከፈትም" የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲትዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ሰላይ ፕሮግራም ለመጫን የተሞከረው በዚሁ ዘዴ ነው። በኢሜይል ሊንክ ይመጣል፣ ቪዲዮ ያለበት ገጽ ይከፈታል፣ ገጹ የአዶቢ ፍላሽ (ድሮ ብሮውዘር ላይ ቪዲዮ ያጫውት የነበረ ፕሮግራም እንጂ ፍላሽ ዲስኩ አይደለም) ማዘመኛ አውርዱ ይላል። ማዘመኛው ራሱ ሰላዩ ነበር። አዶቢ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ጨርሶ አቁሞታል። ዛሬ ፍላሽ አዘምኑ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ዝጉት። አልዘጋም ካለ አልትና ኤፍ 4ን አንድ ላይ ተጫኑ።

ዳታ እየበላ ነው ብላችሁ የዊንዶውስን ማዘመኛ ያጠፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱት። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ይውረድ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተለመደው የነጻ ድጋፍ ተቋርጦበታል፤ ላፕቶፑ ከቻለ ወደ 11 አሻግሩት።

ስካኑ ሰላይ አገኘሁ ካላችሁ አንድ ሥራ ይቀራል። የኢሜይል፣ የባንክና የቴሌግራም ፓስወርዶችን ቀይሩ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ። ይህን ግን ከስልካችሁ አድርጉት። ገና ባልጸዳው ላፕቶፕ ላይ ከቀየራችሁት ሰላዩ አዲሱንም ሲጻፍ ያነበዋል።