ሐዋሳ ለምትሄዱ፦ ዓሣውን በጠዋት፣ ቡርሳሜውን ለምሳ

ሐዋሳ ገብታችሁ ዓሣ ካማራችሁ ምሳ ሰዓት አትጠብቁ። በማለዳ ተነሡና ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱ። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲገቡ ትደርሳላችሁ፤ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩት እጃቸው አይታይም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትርፍራፊ ለመሻማት አጠገባችሁ ይቆማሉ (አትፍሯቸው፣ ግን ዳቦ ይዛችሁ አትዘናጉ)።

ዓሣውን ራሳችሁ ምረጡ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀላ ያለ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። ዋጋውን ከነመጥበሻው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥብሱ ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተበጥቶ ሲቀርብ ዘይቱ ውስጡ ድረስ ይገባል፤ በዳጣና በዳቦ ነው የሚበላው። ሾርባውን አትለፉት። ጥሬውን የሚበሉ ታያላችሁ፤ የጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትል ስላለ እኔ አልመክርም።

ለምሳ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ራቁ። የሲዳማ ምግብ የሚሠራ ቤት ጠይቁና ቡርሳሜ እዘዙ። ከእንሰት የተሠራ ቆጮ ተፈርፍሮ በቅቤ የሚታሽ ነው፤ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ይቀርባል። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላ በዓል ማዕድም ይኸው የእንሰት፣ የወተትና የቅቤ ምግብ ነው። ከበድ ስለሚል ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፣ ካነሰ ይጨመራል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ያለ ቅቤ ቡርሳሜ የለም።