የስንብት ጉዳይ ሲቀርብ ከቀን መጀመር፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠሩ ጀማሪ ጠበቆች

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በጥብቅና ቢሮ ሥራ የጀመረ ወጣት ጠበቃ ከፋብሪካ ወይም ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሰናበተ ሠራተኛ ሲመጣለት፣ ቢሮው ለዚያው አሠሪ ጥብቅና የቆመ እንዳይሆን ነገሩን ከመስማቱ በፊት ማጣራት አለበት። ከዚያም ደንበኛውን በትዕግሥት ያዳምጥ፤ በማስታወሻው ላይ ግን በቅድሚያ ቀኖቹን ይጻፍ፦ ጥፋት ተፈጸመ የተባለበትን፣ አሠሪው ያወቀበትን፣ ደብዳቤው የተጻፈበትንና ሠራተኛው እጅ የገባበትን።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ ብቻ ውድቅ ይሆናል፤ ለደመወዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ከስንብት ለሚመነጩ ክፍያዎች ጊዜው 6 ወር ነው። በወሎ ሠራተኛው አስቀድሞ ሽማግሌ ወደ ሥራ አስኪያጁ መላኩ የተለመደና የሚከበር ነገር ቢሆንም፣ በዚህ መካከል ሦስቱ ወር ሊያልቅ ስለሚችል ሽምግልናው እየቀጠለ ክሱ በጊዜው መግባት ይኖርበታል። መዝገብ ለማስከፈት የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ የገንዘብ እጥረት ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ቀኑ በአሠሪው ላይም ይሠራል። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም የቅድሚያ ጊዜ ሳይሰጥ፣ ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት መኖሩን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ያሳለፈ አሠሪ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱን ያጣል። ስንብቱ በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን ከሥራ በመቅረት ነው ከተባለ፣ ሠራተኛው በጽሑፍ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። የውጭ ባለሀብቶች ደብዳቤና የደመወዝ ሰነድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀኑን በጥንቃቄ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስና የእንግሊዝኛውን ሰነድ በአማርኛ አስተርጉሞ ማያያዝ ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ጀማሪ ጠበቃ ለኃላፊው ሊሰጠው ከሚችለው እርዳታ ሁሉ የሚበልጠው፣ እያንዳንዱን ቀን ከሚያስረዳው ሰነድ ጋር በአንድ ገጽ አቀናብሮ ማቅረቡ ነው።

በክሱ የዳኝነት ጥያቄ ላይ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስን በሚጠየቅበት ክፍል፣ ሠራተኛው ወደ ሥራ እንዲመለስ ይወሰንለት ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይህ ካልሆነ የስንብት ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝና ላልተወሰነ ጊዜ በተቀጠረ ሠራተኛ የአማካይ ቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሣ በአማራጭ ሊጠየቅ ይገባል። የይግባኝ ጊዜው 30 ቀን ብቻ በመሆኑ፣ ፍርዱ በተነበበ ዕለት የፍርድ ግልባጭ እንዲሰጥ ለመዝገብ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።