"አተረፍን ካላችሁ ብሩ የታለ?" የሂሳብ ሪፖርት አቀራረብ ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለማህበራትና ለድርጅቶች የሂሳብ ሪፖርት አቀርባለሁ። ሂሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰው ሳይገባው ከአዳራሽ ሲወጣ ያንገበግበኛል። ገንዘቡ የራሱ ነዋ! ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው ልንገራችሁ።

ምልክት፦ ገና በሦስተኛው ስላይድ ሰው ስልኩን ያወጣል

ምክንያቱ በሰንጠረዥ መጀመራችሁ ነው። ሃያ መስመር ቁጥር ባንዴ ሲዘረገፍ ዓይን ማረፊያ ያጣል። በአንድ ሰው ወይም በአንድ ዕቃ ጀምሩ። ሰንጠረዡ ኋላ ይደርሳል።

ምልክት፦ "አተረፍን ካላችሁ ብሩ የታለ?" የሚል ጥያቄ ይነሳና አዳራሹ ይታወካል

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ጠያቂውን እንደ በጥባጭ አትዩት፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሽያጭ የሚመዘገበው ዕቃው ለገዢው ሲተላለፍ ነው፤ ብሩ ግን ገና ላይገባ ይችላል። "ተሰብሳቢ ሂሳብ (በዱቤ ሸጠን ገና ያልተከፈለን ብር) ጨምሯል" ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። እኔ እንዲህ እላለሁ፦

"አንዲት የሰኞ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ አሉ እንበል። በ300 ሺህ ብር በዱቤ ያመጡትን ጨርቅ በ360 ሺህ ሸጡ። 160 ሺውን በእጃቸው ተቀበሉ፤ 200 ሺው ዱቤ ነው። አርብ ዕለት ጨርቁን ያመጣላቸው ሰው 300 ሺውን ሊቀበል መጣ። እትዬ አተረፉ ወይስ ከሰሩ?"

ከዚያ ዝም በሉ። ግማሹ "አተረፉ" ይላል፣ ግማሹ "ምን ትርፍ አለ፣ ተጨነቁ እንጂ!" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ትርፉ 60 ሺህ ነው፤ ለአርብ የጎደለው ደግሞ 140 ሺህ። የድርጅቱን ሰንጠረዥ የምታወጡት ያኔ ነው። "የእኛም አርብ ይቺ ናት" ብላችሁ ተሰብሳቢውን መስመር አሳዩ።

ምልክት፦ ወጪ ሲጨምር ሰው ብክነት ይጠረጥራል

ቁጥሩ "ከዚህ በፊት ስንት ነበር፣ ምን ለወጠው" የሚል ታሪክ ስለሌለው ነው። አንድ መለዋወጫ ተከተሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የ10 ሺህ ዶላር መለዋወጫ 570 ሺህ ብር ይፈጃል ማለት ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በወራት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያው ዕቃ ሚሊዮን ተሻገረ። እርግጥ ጭማሪው ሁሉ ከዶላር የመጣ ካልሆነ የቀረውንም ተናገሩ። ደብቃችሁ ከተያዛችሁ የሚያምናችሁ አታገኙም።

ምልክት፦ ታሪኩ ይታወሳል፣ ቁጥሩ ይረሳል

ታሪኩ ረዝሟል። ከሁለት ደቂቃ አታሳልፉት፣ መጨረሻውም ቁጥሩ ላይ ይረፍ።

ምልክት፦ አንድ አባል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል

የእሱን ብድር ምሳሌ አድርጋችሁበታል። ስሙን ባትጠሩም ሰፈሩንና ንግዱን ከተናገራችሁ በቂ ነው፤ ደሴ ላይ ሰው በሁለት ፍንጭ ይለያል። ወይ አስቀድማችሁ አስፈቅዱት፣ ወይ "እንበል" ብላችሁ የራሳችሁን ምሳሌ ሥሩ።