የእጅ መላጊያን ምላጭ በሚገባ እንዴት መሳል ይቻላል?

መላጊያው እንጨቱን እየቦጨቀ ሲያስቸግር ብዙ አናጺዎች ምላጩን አውጥተው የሚስሉት በሰያፉ፣ ማለትም ጫፉ ላይ አጋድሎ በተሞረደው ገጽ፣ በኩል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስለት የሁለት ገጾች መገናኛ ስለሆነ፣ ጀርባው ካልተስተካከለ ሰያፉን ቀኑን ሙሉ ቢስሉት ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ከጀርባው ይጀምሩ። ባለ 400 ቁጥር የብረት ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሰው በወፍራም መስታወት ላይ ያንጥፉ፤ ከዚያም የምላጩን ጀርባ ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተኝተው፣ በጣቶችዎ እየተጫኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሹት። በድሬዳዋ ሙቀት ወረቀቱ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ ደጋግመው ይርጩ። ጥቂት ቆይተው ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ወረቀቱ የነካው ቦታ ሲያብረቀርቅ ያልነካው ደብዝዞ ይታያል፤ የስለቱ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ አያቁሙ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ጀርባው አንዴ ከተስተካከለ በኋላ የሚፈልገው ቀላል ማለስለስ ብቻ ነው። ሥራውን በ800፣ በ1000 እና በ2000 ቁጥር ወረቀት ይጨርሱ።

የሰያፉ ማዕዘን 25 ዲግሪ ይሁን። መለኪያ ከሌለዎት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ምላጭ ላይ የሰያፉ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ማዕዘኑ ትክክል ነው። በግራይንደር የሚስሉ ከሆነ በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷልና ያ ክፍል ተሞርዶ መውጣት አለበት። በወረቀት ሲስሉ በጀርባው በኩል በጣት የሚዳሰስ ቀጭን እጥፋት ከዳር እስከ ዳር ሲወጣ ሰያፉ ደርሷል ማለት ነው። እጥፋቱን በመጨረሻው ወረቀት ላይ ጀርባውን በማስተኛት፣ ቀጥሎም በቆዳ ላይ በመጎተት ያስወግዱት።

ተደራቢው ብረት፣ ማለትም በምላጩ ላይ ተደርቦ የሚታሰረው ብረት፣ ከምላጩ ጋር ክፍተት ሳይኖረው መግጠም አለበት፤ ካልሆነ ፍቅፋቂው በመሃል ይወተፋል። ከስለቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አድርገው ያጥብቁት፤ ቃጫው ለተጠማዘዘ እንጨት ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ምላጩ ስስ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መለወጥ ይረዳል፤ ነገር ግን አስቀድመው በመላጊያው አፍ (ምላጩ ከታች በሚወጣበት ክፍተት) ማለፉን ይለኩ።

ሲፈትኑት ምላጩን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ በቁራጭ ዋንዛ ላይ እየገፉ ቀስ በቀስ ያውጡት። በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አቅራቢያ ሜዳ ላይ የተከመረ ጣውላ አሸዋ ስለሚይዝ ግን፣ ከመላግዎ በፊት በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሰዓቱን ድካም በአንድ ግፊት ልታጎድፈው ትችላለች።