ስሜት ላጣ እግር ጫማ መለካትና ማስረከብ፦ ለስኳር ሕሙማን የሚሆን ጫማ አሰጣጥ

ጠባብ ጫማ ያደረገ ጤነኛ ሰው ከሰዓት በኋላ ማነከስ ይጀምራል፤ ማሰሪያውን ያላላል፣ ሲብስበትም አውልቆ ይገላገላል። በስኳር ሕመም ሳቢያ የእግሩ ነርቭ የተጎዳ ሰው ግን ያው ጫማ ቆዳውን ልጦ ሥጋው ላይ እስኪደርስ ድረስ ሳያነክስ ይራመዳል፤ ጉዳቱንም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ማታ ካልሲው ላይ ደም ወይም እዥ ሲያይ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጫማ የሚለካ ባለሙያ የጠፋውን ስሜት በዓይኑ፣ በእጁና በመለኪያው ሊተካለት ይገባል። ስለዚህ «ተመችቶኛል» የሚለውን መልስ በአክብሮት ይስማ እንጂ ለልኩ ማረጋገጫ አድርጎ አይውሰደው። እንዲያውም ስሜቱ የደከመ እግር ጥብቅ ያለ ነገር ብቻ ስለሚሰማው፣ ሕሙማኑ ራሳቸው ከልካቸው ያነሰ ጫማ መርጠው «ይሄ ያዘኝ» ማለታቸው የተለመደ ነው።

ይህን ነገር አጥብቀው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሕንድ፣ ቬሎር በምትባል ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። የሕሙማኑ ጣቶችና እግሮች የሚጎዱት በአብዛኛው ሕመም ስለማይሰማቸው በየዕለቱ በሚደጋገም ግፊትና ጭረት መሆኑን አሳየ፤ ያው ትምህርት ኋላ ለስኳር ሕሙማን እግር እንክብካቤም መሠረት ሆነ። ጫማ በሕክምና ውስጥ ቦታ ያገኘው ይህን ግፊት ሊቀንስ ስለሚችል ነው፤ በተሳሳተ ልክ ሲሰጥ ደግሞ ግፊቱን የሚያመጣው እሱ ራሱ ይሆናል።

ከመለካት በፊት፦ እግሩን መመርመር

ሰውየው ሁለቱንም ጫማና ካልሲ ያውልቅ። አንዱን እግር ብቻ አይቶ ማለፍ ስህተት ነው፤ ቁስል የነበረው በቀኝ ቢሆንም ግራው ብዙውን ጊዜ ክብደቱን ተሸክሞ ሲጎዳ ቆይቷል። በጣቶች መካከል፣ በተረከዝ ዙሪያና በውስጥ እግር ላይ የደደረ ቆዳ፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ ከቆዳ ሥር የጠቆረ ደም መኖሩ ይታይ። በደደረ ቆዳ ሥር ደም ከታየ ቁስሉ በውስጥ ተጀምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ጫማው ከመለካቱ በፊት ቆዳው በሠለጠነ ሰው ሊቀረፍና ሊታይ ይገባል።

ስሜት የሚፈተነው 10 ግራም በሚመዝን ግፊት በሚጎብጥ ናይለን ክር፣ ሞኖፊላመንት በሚባለው መሣሪያ ነው። በመጀመሪያ ክሩ ምን እንደሚመስል እንዲያውቀው የሕመምተኛውን ክንድ ይንኩት፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ አውራ ጣት ሆድና በአንደኛውና በአምስተኛው ጣት ሥር ባለው የአጥንት ራስ ላይ ክሩ እስኪጎብጥ ይጫኑት። በየቦታው 3 ጊዜ ይጠየቃል፣ ከ3ቱ አንዱ ሳይነኩ የሚጠየቅ የማታለያ ጥያቄ ነው፤ 2ቱን ከሳተ በዚያ ቦታ የመከላከያ ስሜቱ፣ ማለትም ከጉዳት የሚያስጠነቅቀው ስሜት፣ ጠፍቷል። ክሩን በደደረ ቆዳ ላይ አይጫኑት፣ ውጤቱ ያሳስታል። መሣሪያው በማይገኝበት ቦታ የሁለቱንም እግሮች አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣት ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ በቀስታ፣ ሳይጫኑና ሳያሹ መንካት ይቻላል፤ ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ እንደቀነሰ ይወሰዳል። ከዚህ ጋር በእግሩ ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያሉት የደም ሥር ምቶች ይዳሰሱ፤ ምቱ የማይገኝ ከሆነ የደም ዝውውሩን ሐኪም ሳያየው ጠበቅ ያለ ነገር በእግሩ ላይ አይደረግ።

ሁለት ሁኔታዎች መለካቱን ያስቆማሉ፤ በእነዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ክፍት ቁስል ነው። የውስጥ እግር ቁስል በጫማ አይታከምም፤ ተመራጩ እስከ ጉልበት የሚደርስና ሕመምተኛው እንደፈለገ ሊያወልቀው የማይችለው ጫና አንሺ መሣሪያ ወይም ጄሶ ነው፣ ይህም በሐኪም ውሳኔ የሚደረግ ነው። ጫማው የሚመጣው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ተመልሶ እንዳይከፈት ለመጠበቅ ነው። ሁለተኛው የሞቀ፣ የቀላና ያበጠ እግር ነው። ቁስል ሳይኖር፣ አንዳንዴም ምንም ሕመም ሳይኖር አንዱ እግር ከሌላው ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ፣ አጥንቶቹ እየተሰባበሩና እየተናጉ ያሉበት የሻርኮ እግር ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ እርምጃ የእግሩን ቅርጽ ለዘለቄታው ያበላሻል፤ ሰውየው ባያመውም ክብደት ሳያሳርፍበት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይላክ።

ለማን ምን ዓይነት ጫማ

የመከላከያ ስሜቱና የደም ዝውውሩ ደህና የሆነ ሰው በልኩ የሆነ ደህና የገበያ ጫማ ይበቃዋል፤ ለእርሱ ልዩ ጫማ ማዘዝ ገንዘቡንና እምነቱን ማባከን ነው። ስሜቱ ጠፍቶ የእግሩ ቅርጽ ግን ያልተለወጠ ሰው እንዲሁ የገበያ ጫማ ሊያደርግ ይችላል፣ ልኩ ግን በባለሙያ መረጋገጥ አለበት። የታጠፉ ጣቶች፣ ከአውራ ጣት ሥር የወጣ አጥንት ወይም የሚደጋገም የደደረ ቆዳ ያለበት ሰው ውስጡ ጠለቅ ያለ ጫማና በእግሩ ቅርጽ የተሠራ የውስጥ ሶል ያስፈልገዋል። የውስጥ እግር ቁስል ድኖለት የሚመጣ ሰው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ለእርሱ የሚሰጠው ጫማ በሚራመድበት ጊዜ ቁስሉ በነበረበት ቦታ ላይ የሚያርፈውን ግፊት በእርግጥ መቀነሱ መረጋገጥ አለበት። በጫማ ውስጥ የሚገባ የግፊት መለኪያ ባለበት ቦታ ግቡ ከተለመደው የሕክምና ጫማ ቢያንስ 30 በመቶ መቀነስ ወይም ከፍተኛውን ግፊት ከ200 ኪሎፓስካል በታች ማውረድ ነው። የእግሩ ከፊል የተቆረጠ ወይም በሻርኮ ቅርጹ የተበላሸ ሰው ደግሞ በእግሩ ቅርጽ በተሠራ ፎርማ ላይ የተሰፋ ጫማ ካልሆነ ሌላው አይሆነውም።

አለካክ

እግር በቀኑ ውስጥ ስለሚያብጥ መለካቱ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጠዋት የተለካ ጫማ አመሻሹ ላይ ይጠባል። ሰውየው ቆሞ፣ ክብደቱን በሁለቱም እግሮች አሳርፎ ይለካ። ተቀምጦ የተለካ እግር ሲቆሙበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም።

የሚለካው የእግሩ ርዝመት ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለው ርዝመት አንድ ነው፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር መታጠፊያ ያለው ርዝመት ሌላው ነው፤ ጫማው የሚታጠፍበትና እግሩ የሚታጠፍበት ቦታ የሚገጥሙት በዚህ ልክ ነው። ከዚያ በጣቶች ሥር ያለው ስፋት፣ ከፍ ብሎ የቆመው ጣት ቁመትና የእግሩ ጀርባ ዙሪያ ይመጣሉ። ብራኖክ የሚባለው የብረት መለኪያ የመጀመሪያዎቹን 2 ርዝመቶችና ስፋቱን በአንድ ጊዜ ያሳያል። እሱ ከሌለ ወረቀት ላይ አስቁሞ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የእግሩን ዙሪያ መሳል ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ እርሳሱ ወደ ውስጥ ካጋደለ ግን ስዕሉ ከእግሩ ያንሳል፣ ስህተቱም ወደ አደገኛው በኩል ነው።

ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ ጫማው በትልቁ ልክ ይመረጣል፤ ልዩነቱ የጎላ ከሆነ ከሁለት የተለያየ ቁጥር ጥንዶች አንዳንድ እግር መስጠት ይሻላል። ቁጥር ላይ አይታመኑ። በአውሮፓ አለካክ አንድ ቁጥር ከሌላው የሚለየው በሴንቲሜትር 2 ሦስተኛ፣ በእንግሊዝ አለካክ ደግሞ በ8.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህም ሌላ አንዱ ሠሪ 42 የሚለው ሌላው ከሚለው ይለያል። ስለዚህ የሚለካው የጫማው የውስጥ ርዝመት ይሁን፤ እሱም ከእግሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት። ከዚህ ሲያንስ ጣቶቹ ይጋጫሉ፤ ሲበልጥ እግሩ ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ይላጣል።

የመረጡትን ጫማ የውስጥ ሶል አውጥተው ሰውየው እንዲቆምበት ያድርጉ፤ እግሩ በየትኛውም በኩል ከሶሉ ጠርዝ ካለፈ ጫማው ጠባብ ነው። አድርጎት ሲቆም በሰፊው የእግሩ ክፍል ላይ ያለውን የጫማውን ቆዳ በጣቶችዎ ይሰብስቡት፤ ትንሽ ሊሰበሰብ ይገባል፣ ተወጥሮ እምቢ ካለ ይጠባል፣ ብዙ ከተጨማደደ ይሰፋል። በጣቶቹ ላይ ያለውን የጫማውን ቆዳ ከላይ በመዳሰስ የታጠፈ ጣት እንደማይነካው ያረጋግጡ። በመጨረሻም እጅዎን በጫማው ውስጥ እስከ ጫፉ አስገብተው ስፌት፣ የገበር እጥፋት፣ የምስማር ጫፍ ወይም ሻካራ ጠርዝ መኖሩን ይፈትሹ። በዓይን የማይታየውን ይህ ዳሰሳ ያገኘዋል።

ስለ ጫማው አሠራር ጥቂት ልበል። የላይኛው ክፍል ለስላሳ ቆዳ ወይም የሚለጠጥ ነገር ቢሆን፣ በጣቶች ላይ ስፌት ባይኖርበት፣ ተረከዙን ጠንከር ባለ ኋላ የሚይዝ፣ ታኮውም ከ5 ሴንቲሜትር ያነሰ ቢሆን ይመረጣል። በክር ወይም በተለጣፊ ማሰሪያ የሚታሰር መሆኑ ግድ ነው። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ከእግር እንዳይወልቅ የግድ መጥበብ አለበት፤ ያ ጥበት ደግሞ ስሜት በሌለው እግር ላይ ያርፋል።

የውስጥ ሶል

በዚህ ሥራ በብዛት የማየው ጥፋት መልካም የውስጥ ሶል መልካም ቦታ በሌለው ጫማ ውስጥ መክተት ነው። ወፍራሙ ሶል እግሩን ወደ ላይ ሲያነሳው የታጠፉት ጣቶች ከላይኛው ቆዳ ጋር ይጋጫሉ፤ ከሥር የዳነው እግር ከላይ ይቆስላል። ስለዚህ ጫማው ሁልጊዜ የሚለካው ሶሉ ውስጡ ገብቶ ነው።

ሶሉ ጠቃሚ የሚሆነው የውስጥ እግሩን ሁሉ ሲደግፍ ነው፤ ክብደቱ በጥቂት የአጥንት ራሶች ላይ ማረፉን ትቶ በሰፊው ሲከፋፈል ግፊቱ ይቀንሳል። ለዚህም የእግሩ ቅርጽ በአረፋ ሳጥን፣ በጄሶ ወይም በስካነር ይወሰዳል። ፕላስታዞት የሚባለው በሙቀት የሚቀረጽ አረፋ ለቆዳ የለሰለሰ ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይረገጣል፤ ስለዚህ ከሥሩ እንደ ኢቪኤ ያለ ጠንከር ያለ ነገር ይለጠፍበታል። የጣቶች ሥር አጥንቶችን ለማሳረፍ የሚለጠፈው ትንሽ ትራስ የሚቀመጠው ከአጥንቶቹ ራስ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ተረከዝ ገባ ብሎ ነው። በራሳቸው ላይ ከተቀመጠ ሊያነሳ የታሰበውን ግፊት ይጨምረዋል፤ ስለዚህ ቦታውን በግምት ሳይሆን የአጥንቱን ራስ በቀለም ምልክት አድርገው በሶሉ ላይ እንዲያትም በማስረገጥ ይወስኑት።

የእግሩ የፊት ክፍል ደጋግሞ ለሚቆስልበት ሰው የማይታጠፍና ከፊት ወደ ላይ የጎበጠ፣ እግሩን እንደ ተወዛዋዥ ወንበር የሚያንከባልል ሶል ብዙ ይረዳል። ሚዛኑን ስለሚያናጋው ግን ለመውደቅ የሚቀርብ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ከመውሰዱ በፊት በፊትዎ ደረጃ ወጥቶ፣ ወርዶና ዞሮ ያሳይዎ።

ማስረከብና መከታተል

ጫማውን ሁልጊዜ በሚያደርገው ካልሲ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል ይራመድና ያውልቀው፤ ያን ጊዜ የቀላ ቦታ ይፈለግ። ቅላቱ 20 ደቂቃ ቆይቶ ካልጠፋ ጫማው ሳይስተካከል ከእጅዎ አይውጣ። ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ቅላት በቀላሉ ስለማይታይ ሙቀቱንና ልስላሴውን በእጅ ጀርባ ከሌላው ቦታ ጋር ያነጻጽሩ።

ወደ ቤቱ ሲሄድ የመጀመሪያውን ቀን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ብቻ አድርጎ እንዲያወልቅና እግሩን እንዲያይ፣ ደህና ከሆነ በየቀኑ አንድ ሰዓት እንዲጨምር በጽሑፍ ይስጡት። የውስጥ እግሩን ማየት የሚያቅተው መስታወት ይጠቀም ወይም የቤተሰብ ሰው ያግዘው፤ ያ ሰው በርክክቡ ቀን አብሮ ቢመጣ በጣም ይጠቅማል። ከማድረጉ በፊት ሁልጊዜ ጫማውን ገልብጦ ያራግፍ፣ በእጁም ይዳስስ፤ ጠጠር ወይም ቁልፍ ከጫማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳይታወቅ መዋሉ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው። ካልሲው ስፌት የሌለው ወይም ተገልብጦ የሚደረግ፣ ላስቲኩ የማይጨብጥ፣ ቀለሙም ፈዛዛ ይሁን፤ በጥቁር ካልሲ ላይ ደም አይታይም።

አንድ ጥያቄ ፊት ለፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ብዙ ሰዎች ለሕክምና የተሰጣቸውን ጫማ ለመውጫ ያስቀምጡታል፣ በቤታቸው ግን በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዕለት እርምጃቸው ትልቁ ድርሻ ግን ያለው በቤት ውስጥ ነው። ቁስል የነበረበት ሰው ለቤት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ጥንድ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ካልተቻለም ያንኑ ጫማ ከአልጋ ሲነሳ ጀምሮ እንዲያደርገው ምክንያቱን አስረድተው ይስማሙ። መልኩን ጠልቶት እንደሆነም ይጠይቁ፤ በመደርደሪያ ላይ የቀረ ጫማ ማንንም አይጠብቅምና ቀለሙንና ቅርጹን ሲመርጥ ድምፁ ይሰማ።

ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ጫማውን ይዞ ይመለስ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ፤ ቁስል ወይም መቆረጥ የነበረበት ሰው እግሩ በየ1 እስከ 3 ወር ቢታይ ይመረጣል። ሲመለስ አስቀድመው ሶሉን አውጥተው ይዩት። በአንድ ቦታ ላይ ተረግጦ የሳሳ ወይም የጠቆረ ክብ ካለ፣ እግሩ ላይ ያው ቦታ ቀድሞ ይታይ፤ ሶሉ ይቀየር፣ ጫማው ወደ አንድ ጎን ካጋደለም ይታደስ ወይም ይተካ። የለኩትን፣ የሰጡትን፣ ያስተካከሉትንና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ የሚያየው ሰው እርስዎ ካልሆኑ፣ እግሩ መለወጡን ሊያውቅ የሚችለው ከዚያ መዝገብ ነው።